የጉራንዳ ጋን

አባቴ ኤልጉጃ ርስቱን ሲያካፍል
በገመድ አልለካ፣ አላለም በእኩል፤
ወንዙን አሻገረው ሚንዲያን፣ ወንድሜን፣
ሰጠው መረሬውን፣ እርጥቡን፣ ለምለሙን፤
እኔን ሽቅብ ላከኝ፣ ኖራ ድንጋዩ ላይ፣
ዶማ ከሚያለቅስበት፣ አፈር ከማይታይ።

ወይኑ ግን አንድ ነው፣ አንድ እናት ነው ዘሩ፣
ከአንድ ግንድ ተቆርጠው ሁለት ቦታ አደሩ።
ጋኖቹም መንትያ፦ ኦታር ጭቃ አቡክቶ፣
ጥቅል በጥቅል ላይ፣ ሦስት ወር ሰንብቶ
ሠራቸው ለአባቴ። ሰባት ቀን፣ ሰባት ሌት
እሳት ሲያጠግባቸው፣ ፍልጥ አቀባይ እኔ፣
ሚንዲያ የሚያንቀላፋ ከጭሱ በስተፊት።
ገና ትኩስ ሳሉ ሰም ቀባቸው ውስጡን፤
«ሰሙ ነው» አለኝ «የሚጠብቅ ወርቁን።
ሲበዛ ያፍነዋል፣ ሲሳሳ ያፈሳል፣
ልኩን እጅ እንጂ ዓይን መች ያውቀዋል?»
ከዚያ ተቀበሩ፣ እስከ አንገት፣ እስከ አፍ፣
ሰው እንደሚቀበር፤ ግን ለመናገር፣ ለመትረፍ።

ትንሽ ሳለሁ እኔ ነበርኩ የጋን አጣቢ፣
በገመድ ወራጅ፣ በጨለማ ገቢ።
በቼሪ ቅርፊት ብሩሽ ግድግዳውን ስፍቅ
«ዝፈኚ!» ይለኛል አባቴ ከአፋፉ፣ ዝም ስል ሲጨነቅ።
የጋን አየር ገዳይ ነው፤ ድምፅ ሲቋረጥ ነው
ሰው መውደቁ የሚታወቅ።
ግጥሙ ሲያልቅብኝ የላሞቹን ስም ዘፈንኩ፣
ጉሮሮዬ እስኪደርቅ።

አባታችን ሲሞት ለየብቻ ጨመቅን።
የሱ ወይን ሰፊ፣ ትከሻው የሞላ፣
የእርሻ ሽታ ያለው፣ ዝናብ ከጣለ ኋላ።
የኔው ግን ቀጭን ነው፣ ምላስ ላይ የሚቆም፣
ጨው የላሰች ፍየል የምታውቀው ዓይነት ጣዕም።
መንገደኛው ሁሉ የኔን ሲመርጥ ጊዜ
ሚንዲያ ዓይኑ ቀላ፣ ገባ ከትካዜ፦
«አባባ ላንቺ ብቻ የነገረሽ አለ፣
ቅጠል ነው? ጸሎት ነው? ምን ጋን ውስጥ ተጣለ?»
ሦስት ዓመት ተኳረፍን። ድልድዩ ሣር አበቀለ።

በአራተኛው ዓመት፣ በነሐሴ ማለቂያ፣
በረዶ ጣለብኝ፣ የዕንቁላል አምሳያ፤
በሩብ ሰዓት አለቀ የዓመት ሙሉ ሥራ፣
ጋኔ አፉን ከፍቶ ቀረ፣ ከራሱ ጋር ሲያወራ።

በጥቅምት ማለዳ ትራክተር ጮኸ ከድልድዩ ማዶ፤
ሚንዲያ ነው፣ ወይን የጫነ፣ ፊቱ እንደ በረዶ።
«ባዶ ጋን ይሰነጠቃል» አለ፤ ሌላ ቃል አልወጣው።
ረገጥኩለት። ከነልጣጩ፣ ከነፍሬው፣ ጋኔ ዋጠው።
ሲፈላ በቀን አራቴ አማሰልኩት፤ ሲያርፍ አፉን ደፈንኩት፤
ሌሊት እየነቃሁ ጆሮዬን አፈር ላይ ጥዬ አደመጥኩት፤
ለመክፈት የሚቸኩል እጄን ኪሴ ውስጥ ሰፋሁት።

በሚያዝያ ተከፈተ። ቀለሙ የማለዳ ወርቅ።
ሚንዲያ ጠጣ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሳይስቅ።
«የኔ ነው» አለ በመጨረሻ። «የኔ መረሬ ነው ይሄ፣ የኔ ጭቃ፣
ዝናብ የመታው። ምስጢር የለሽም፣ በቃ።»
ዝም አለ። ደግሞ ቀመሰ፤ ግንባሩ ተኮማተረ፦
«ግን መቼ ነው እንዲህ ቀስ ብሎ ማውራት የተማረ?
እኔ ቤት ይጮህ ነበረ።»

ምን ልበለው? ድንጋይ ላይ የተከለ ሰው
ዝናብ መጠበቅ ይለምዳል፤
የጠበቀ እጅ ምናልባት
የሌላውንም ወይን ያስታግሣል።
ይህን አልነገርኩትም። ብርጭቆውን ሞላሁለት።

ጋኑ መታጠብ ነበረበት። የኔ ትከሻ ሰፍቷል፣ የሱም ቦርጭ፤
ጋንን ጠጠር ይደግፈዋል፤ ልጁን ፒክሪያን አወረድናት፣
ሰባት ዓመቷ፣ ጥርሰ ወላቃ፣ ሯጭ።
ተንበረከክን ሁለታችን፣ ከአፉ ግራና ቀኝ፤
«ዝፈኚ!» ስንል ባንድ ላይ
«ምን ልዝፈን?» አለች ከአፈር ሥር፤ ሳቅ ያዘኝ።
የዶሮዎቿን ስም ጀመረች። ሸክላው ድምጿን አሰፋው፣ ወፈረ፤
ሚንዲያ ጆሮውን ደፍቶ ቀረ።
ድልድዩ ላይ ሣሩ አለ፤ በመሃሉ ግን
የጎማ መንገድ ተሰምሮ ነበረ።